የጋሽ ወልዴ መነጽር

ዛሬ ቦንጋ ገበያ ጋሽ ወልዴ የሳሙና ካርቶን ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰምቼ ክው ብዬ ቀረሁ።

ከዓመታት በፊት ማንኪራ መንደር ጎልማሶችን ሳስተምር ተማሪዬ ነበሩ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ከማንም ቀድመው ያነቡ ነበር። መጽሐፍ ስናድል ግን «ጭንቅላቴ እምቢ አለ» ብለው ከትምህርቱ ቀሩ። እኔም እርጅና ነው ብዬ ተውኳቸው።

ዛሬ መነጽር ሻጩ ጋ ቆመው አንዱን እየሞከሩ ነበር።

«መምህርት፣ ለካ ጭንቅላቴ ደህና ነበር፤ የቅርቡን እምቢ ያለው ዓይኔ ነው!» አሉኝ እየሳቁ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። እንደሳቸው የቀሩት ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ጡረታ እስክወጣ ትምህርት ቢሮ በሄድኩ ቁጥር ጠመኔ ስጡኝ እያልኩ ስለምን ኖርኩ። መለመን የነበረብኝ ግን መነጽር ነበር።

እናንተ ቤትስ «ትምህርት አይገባኝም» ብሎ የተወ አባት ወይም እናት አለ? እስቲ መጽሐፉን ከፊታቸው ራቅ አድርጋችሁ ያዙላቸውና የሆነውን ንገሩኝ።