ከገርጂ እስከ ኦሎምፒያ፦ የተዘጋ ኢሜይል ለማስከፈት

ከጠዋቱ 12፡00፣ ገርጂ

ሲነጋጋ ወጣን። አብረውኝ ያሉት አከራዬ፣ የወሎዋ ባለሱቅ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ልጃቸው ሰይድ ለሥራ ጅዳ ከሄደ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። «ስልክ ውድ ነው፤ ስደርስ በአስተማሪው ኢሜይል እጽፋለሁ» ብሎ ነበር። አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ኢሜይሌ ግን ተዘግቷል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅት አንድ ብቻ ነው። ውሉ ከተመዝጋቢውና ከቤተሰቡ በቀር ሌላ ሰው እንዳይጠቀም ይከለክላል። እኔ ደግሞ ውሉን ሳድስ «ማን ይጠቀማል?» ለሚለው ጥያቄ «እኔና አከራዬ» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞላሁ፤ ዘጉብኝ።

1፡30፣ መገናኛ

የገርጂ ጭቃ ጫማችን ላይ ነው። ሚኒባሱ ጋቢና ተቀምጠናል። እትዬ ዘይነባ ሳል ስለያዛቸው ከትንሽ ብልቃጥ ማር ይልሳሉ። ሾፌሩ ጉዳያችንን ሰምቶ ሳቀ።

«እኔ ተሳፋሪ ባስቀይም ከኋላዬ ያለው ታክሲ ይወስድብኛል። የእናንተዎቹ ከኋላቸው ማን አለ? አንተስ መምህር፣ እውነቱን ጻፍ ብሎ ማን አዘዘህ?»

3፡00፣ ኦሎምፒያ

የድርጅቱ ቢሮ፣ ረጅም ሰልፍ። ጸሐፊዋ ቅጼን አየች።

«አከራይ ቤተሰብ አይደለም።»

«የስልክ መስመሩ የእሳቸው፣ ኮምፒውተሩ የእኔ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።»

«ደንብ ነው።»

«ሌላ ድርጅት ቢኖር…»

«የለማ!» አለች። በክፋት አልነበረም፤ ደክሟታል።

«እናቴ ናቸው በላት!» አለኝ ከኋላዬ አንድ ሰው። መዋሸት ስለማልወድ ራሴን በእምቢታ ነቀነቅኩ።

እትዬ ዘይነባ ብልቃጡን ከፈቱ፤ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ወደ አፌ አስጠጉ።

«ጥባ! የጡት ልጄ ሁን። ያን ጊዜ ውሸት አይሆንም።»

ለማያውቅ አንባቢ፦ እንዲህ ማር የነካ አውራ ጣት የጠባ ሰው ዕድሜ ልኩን ልጅ ነው፤ ቀልድ የለውም። ሰልፈኛው እያየኝ ጠባሁ። አንዲት ሴት እልል አለች።

«ምስክር አለ?» አለች ጸሐፊዋ ሳቋን እየዋጠች። ሰልፉ በሙሉ እጁን አወጣ። «አከራይ» የሚለውን ሰርዛ «እናት» ብላ ጻፈች፤ ማኅተሙንም መታች።

ደንቡ ግን አሁንም ፍትሐዊ አይመስለኝም። ለጎረቤት ሁሉ ማር አይበቃም።

8፡00፣ ገርጂ

ሞደሙ በስልኩ መስመር ተንጫጭቶ ተንጫጭቶ ገባ። አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት ስድስት ቀን ሲጠብቀን ኖሯል፦ «እማ፣ በሰላም ደርሻለሁ። ሥራም ጀምሬያለሁ። አታስቢ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እትዬ ዘይነባ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩላቸው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

«በል ልጄ፣ ለወንድምህ መልስ ጻፍለት።»