በብቅል የሸፈንኩት ቧንቧ

ይህን ለሰው ተንፍሼ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬንም፣ ሰው ማማቴንም ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ሳል ይይዘኝ ነበር። አሁን አርጅቻለሁ፤ ሳሌንም ጨርሻለሁ።

ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት በፊት ነው። ናዝሬት ላይ ለባቡሩ ውሃ የሚወስደው ቧንቧ በእኛ ሰፈር ሥር ያልፍ ነበር። ለእኛም ጣቢያው አጠገብ አንድ መቅጃ ተተክሎልን ነበር። የቧንቧው ዘበኛ ገመዳ በየቤቱ እየዞረ፣ ዝናብ ሳይኖር መሬቱ ከረጠበ ወይም ከሥር ሲያፏጭ ከተሰማ ማንም እንዳይነካው፣ ሮጠን እሱን እንድንጠራው፣ እሱም ላይኛውን መዝጊያ እንደሚዘጋ ነግሮናል። ለእኔማ «አዴ በላይነሽ» እያለ፣ በኦሮምኛው አክብሮት፣ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል። ስለዚህ አላወቅሁም አልልም።

በመጋቢት ሐሩር ጓሮዬ አጥሩ ሥር ረጠበ። ጆሮዬን መሬት ላይ ለጠፍኩ፤ ያፏጫል። ገመዳን መጥራት ነበረብኝ? ነበረብኝ። ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው አስካለ ባትሆን ኖሮ እጠራው ነበር። አስካለ በክርስትና ድግስ ላይ፣ ሰው በሞላበት፣ «የበላይነሽ ጠላ ፊት ለመታጠብ ነው የሚሆነው» ያለች ሴት ናት። ሳቁ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ዶማ ያነሳሁት እኔ ነኝ። በአጥሩ ሥር ቦይ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ውሃውን ወደ ጭቃ ግድግዳዋ የለቀቅሁትም እኔው። ይናድባታል ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

በነጻ የተገኘ ነገር አይታ የማታልፈው አስካለ ግን ውሃውን ስባ ጎመን ተከለችበት። ገብርኤል ያፈለቀላት ምንጭ ነው ብላ አመነች። ከተማው በአቧራ ሲነድ የእሷ ጓሮ ለመለመ። ጭራሽ አንድ እስር ጎመን ላከችልኝ። በላሁት። ይጣፍጥ ነበር፤ የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው።

በጣቢያው መቅጃ ውሃው ቀጠነ፤ ባቡሩም ማጠራቀሚያው እስኪሞላ ግማሽ ቀን ቆመ። የጣቢያው አለቃ ገመዳን፣ የፈነዳበትን ካላገኘህ ሥራህን ልቀቅ አለው። ስድስት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ወደ ጓሮዬ ሲመጣ እርጥቡ ላይ ሰሌን ዘርግቼ የተነከረ ብቅል አስጥቼበት ነበር። ብቅል ለምን ረጠበ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንዳይረግጥብኝ ነገርኩት። ጫማውን አውልቆ በዳር በዳር አለፈ። የአስካለንም ጓሮ የገብርኤል ምንጭ ነው ብላ ስለማለችለት አለፈው። ለአለቃውም ሁሉንም ቤት በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

እንግዲያው ሌባ አለ ተባለና አውጫጭኝ ተጠራ። ጥፋተኛው እስኪገኝ ማንም ቤቱ እንዳይገባ ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ግራር ሥር ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ በስውር የሚጠቁመውን ሰው፣ «ወፍ» የሚሉትን፣ ለብቻ ማነጋገር ጀመሩ። ወፏ እኔ ነበርኩ።

«የአስካለን ጎመን እዩ» አልኳቸው።

ቦዩን የቆፈርኩት እኔ፣ የጠቆምኩትም እኔ። ቦዩ ወዴት እንደሚመራ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። ተንኮለኛ ነኝ እንጂ ብልህ ነኝ አላልኩም።

ሽማግሌዎቹ ጎመኑን ከበው ከአስካለ ጋር ስለ ገብርኤል ሲከራከሩ፣ ገመዳ ቦዩን ተከትሎ ወደ እኔ ጓሮ ዞረ። እየሮጥኩ ተከተልኩት። የሰሌኑን ጫፍ አነሳ። ውሃው አፏጨ። ትክ ብሎ አየኝ።

«አዴ በላይነሽ፣ ብቅልዎን ያንሱ፤ ይሻግታል» አለኝ።

ተመልሶም ቧንቧው አርጅቶ በራሱ መፈንዳቱን፣ ውሃው መንገዱን ራሱ መቅደዱን፣ በደንብ ያላየውም እሱ መሆኑን ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው። አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ገመዳ መዝጊያውን ዘጋ፤ ቧንቧውን ጠገነ፤ የዘበኝነት ካፖርቱን አስረከበ። አስካለ ጎመኗን በላች።

ቤተሰቡን ይዞ ወደ ዓለም ጤና ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ሊሸኘው ወጣ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። አላመመኝም ነበር።

አስካለን ይቅርታ አልጠይቃትም፤ ምን ጎደለባት? እናንተንም አልጠይቅም፤ ካፖርቱ የእናንተ አልነበረም። የገመዳ ነበር። እሱን ደግሞ የሄደ ዕለት በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ፣ በመንገዱ ሲያልፍ አየሁት፤ የምለው አንድ ቃል ነበረኝ፤ ዋጥኩት።