ያልያዝኩት ኮንትራት

ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ በርካሽ እንዴት እንደሚገባ እኔን ጠይቁኝ። በሩ ላይ የተደረደሩትን ታክሲዎች አትዩዋቸው። አንዴ ካያችኋቸው አለቀላችሁ፣ ሻንጣችሁን ነጥቀው ኋላ ይጭኑታል። ማንንም ሳታዩ ቀጥ ብላችሁ እስከ ዋናው አስፋልት በእግር ትወጣላችሁ። እዚያ ባጃጅ አለ፤ ከሰው ጋር ተዳብላችሁ መናኸሪያ ትደርሳላችሁ፣ ከመናኸሪያ ደግሞ ሚኒባስ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለፈረንጅ የተጠራ ዋጋ የሚከፍል አበሻ ሳይ ድሮ እስቅ ነበር።

እኛ ቤት ቋጣሪዋ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ልብስ እየሰፋሁ ነው የምኖረው፣ ቋጠሮዬን በቀላሉ አልፈታም። ሶዶ ያሉ ቤተሰቦቼ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን በዚሁ ቁጠባ ሦስት ጊፋታ አለፈኝ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፣ የትም ያለ ልጅ ቤቱ የሚገባበት። አባቴ በየዓመቱ ስልክ ላይ «መቼ ነው ፊትሽን የማየው?» ይለኛል፤ እኔ «ለሚቀጥለው» እላለሁ። ትራንስፖርት የሚወደደው ያኔ ነዋ።

አንድ ቀን ወደ ማታ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። «አዋን ትንሽ አመመው። ነገ በአውሮፕላን ነይ፣ እስከ አርባ ምንጭ ትኬት ቆርጬልሻለሁ» አለኝ። አዋ የምንለው አባታችንን ነው።

እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተም ሰው «ትንሽ አመመው» ነው፣ ትንሽ ያመመውም «ትንሽ አመመው» ነው፤ አንቺ እንግዲህ ከዚያ ምረጪ። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ጥቁር ሻሼን አንስቼ ከተትኩ፣ ከዚያ ሟርት ይሆንብኛል ብዬ መልሼ አወጣሁት። ሞቱን ሳይሆን ሕክምናውን ማሰብ ጀመርኩ። ሪፈር ይጻፍለት ይሆናል፣ አዲስ አበባ እናመጣው ይሆናል፣ ይህ ሁሉ ብር ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አንዲት ሳንቲም አላባክንም አልኩ። ፊቱን አያለሁ፣ ብሩን እጁ ላይ አስቀምጣለሁ፣ የሦስት ዓመቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አርባ ምንጭ ረፋድ ላይ አረፍን። አብረውኝ የወረዱት ቱሪስቶች የሆቴል መኪና እየጠበቃቸው ነበር። እኔ ቀጥ ብዬ ልወጣ ስል አንድ ጎልማሳ ሾፌር አጠገቤ መጣ።

«እህቴ፣ ወዴት ነሽ?»

ሳላስበው «ሶዶ» አልኩት።

ሻንጣዬን አየ፣ ፊቴን አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለቅሶ ነው አይደል? ለለቅሶ ከሆነ እቀንሳለሁ። እስከ ሶዶ ኮንትራት፣ ሳልቆም አደርስሻለሁ» አለ።

ደሜ ፈላ። «ምን ለቅሶ ለቅሶ ትላለህ? ሟርትህን ለራስህ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሰውየው አልተቆጣም። «ይቅርታ እህቴ። እግዜር ይማረው» ብሎ መንገዱን ለቀቀልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያ ፀሐይ ሻንጣዬን እየጎተትኩ እስከ አስፋልቱ ስሄድ ቱሪስቶቹ በመኪናቸው አልፈውኝ ሄዱ፤ አንዷ እጇን አውለበለበችልኝ።

መናኸሪያ ስደርስ የሶዶው ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ተቀምጧል። ሳይሞላ አይወጣም። ሦስተኛ ሆኜ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ደወለ።

«ኮንትራት ያዝሽ?»

«ምን ኮንትራት? አብደሃል? ሐኪሙን በምን ልንከፍል ነው?»

«እኔ እከፍላለሁ እያልኩሽ ነው። ስለ ብሩ አታስቢ፣ ብቻ ቶሎ ነይ።» ከጀርባው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ጠያቂው በዝቷል አልኩ በልቤ። አዋ የተወደደ ሰው ነው፣ ጉንፋን ቢይዘው ግቢው ይሞላል።

ትንሽ ቆይቶ እንደገና ደወለ። እንደገና ኮንትራት ኮንትራት አለኝ። መረረኝ። የማወጣውን ብር የሚወስንልኝ ማን ሆነና ነው እሱ?

«ይዣለሁ በቃ! ኮንትራት ይዣለሁ፣ እየመጣሁ ነው» አልኩት። አምስተኛው ተሳፋሪ ገና ጫማውን እያስጠረገ ነበር።

ወንድሜ በረጅሙ ተነፈሰ። «ተባረኪ። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ትደርሻለሽ» ብሎ ዘጋ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ሚኒባሱ የሞላው ሰባት ሰዓት ካለፈ ነው። ከከተማው ወጣ እንዳልን ሙዝ የሚሸጥበት ቦታ ቆመ፣ ሁሉም ሰው ወረደ። እኔም ወረድኩ። ታማሚ ጋ ባዶ እጅ አይኬድም። ሻጯን አድክሜ፣ አድክሜ፣ የበሰለ አንድ ትልቅ ዘለላ ገዛሁ። አዋ ጥርሱ ስለሚያመው ለስላሳ ነገር ነው የሚወደው።

የአባያ ሐይቅ በቀኝ በኩል ረጅም ሰዓት አብሮን ሄደ። ሌላ ጊዜ ዓይኔን አልነቅልም ነበር። ያን ቀን ግን ምንም አልተሰማኝም፣ ደስታም ፍርሃትም። ስልኬ ባትሪው አልቆ ጠፋ፤ እሱንም ምንም አላልኩ። ሁምቦ ላይ የአንዲት ሴት የበቆሎ ጆንያ ከጣሪያው እስኪወርድ፣ ከዚያ በሒሳቡ እስኪጨቃጨቁ፣ ሙዙን ጭኔ ላይ አቅፌ እንዳይጨፈለቅ ብቻ እጠብቅ ነበር።

ሶዶ አስር ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ባጃጅ ይዤ ወደ ሰፈራችን ስወጣ ብዙ ሰው ወደ ቤታችን ሲሄድ አገኘሁ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው። የሁሉም ጫማ አዲስ በተቆፈረ ቀይ አፈር ተለውሷል።

ባጃጁን አስቆምኩ። ወንድሜ ከሰዎቹ መሃል ወጥቶ አቀፈኝ። ሙዙ በሁለታችን መሃል ተጨፈለቀ።

«እስከ ዘጠኝ ተኩል ጠበቅንሽ» አለ። «ፊቱን እንድታዪ ብለን ሳጥኑን ሳንዘጋ ጠበቅንሽ። ከቦምቤ የመጡት ዘመዶች ሊመሽባቸው ሆነ፣ ዝናቡም መጣ፣ ሽማግሌዎቹ በቃ አሉ። ኮንትራቱ ምን ሆነ?»

ወንድሜ ዝቅ ብሎ ሙዙን አየ።

«ሙዝ ሊገዛ ቆመብሽ እንዴ?»

እናቴም፣ አክስቶቼም፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው።

«አዎ» አልኩ።

«ምን ዓይነት ጨካኝ ነው!» አለች አንዷ አክስቴ። «የለቅሶ መንገደኛ ጭኖ ሙዝ?» ሌላውም ተቀበላት፤ ድንኳኑ እስክንደርስ ሾፌሩን ሲረግሙት ሄዱ። እኔ ሙዙን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። ሲያለቅሱ አብሬ ለማልቀስ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። «ድንጋጤ ነው፣ ተዋት» አሉ። እስከ ዛሬም አላለቀስኩም።

ወንድሜ እስካሁን ያን ሾፌር ባገኘው እያለ ይዝታል። እኔ ደግሞ ሰውየውን ደህና አድርጌ አስታውሰዋለሁ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለለቅሶ ከሆነ እቀንሳለሁ ሲለኝ፣ ሳልቆም አደርስሻለሁ ሲለኝ። እውነቱን ልናገር ብዬ ሁለት ሦስቴ ወንድሜን ለብቻው ጠርቼዋለሁ። ስንቀመጥ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

አሁን በየጊዜው ሶዶ እሄዳለሁ፣ ዋጋውንም አልጠይቅም። ምሳ ሲቀርብ እናቴ እጄን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ለልጆቿ ትጸልያለች፣ ለጎረቤት ትጸልያለች። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ልጄን የአባቷን ፊት ያሳጣትንም ሰው፣ ጌታ ሆይ፣ ሳያውቅ ነውና ይቅር በለው» ትላለች።

እኔም «አሜን» እላለሁ።