በአባት የተማለ

የዚያን ቀን ደረቅ ነፋስ የሐበሻ ሱቆች የተደረደሩበትን የፌርፋክስን ጎዳና እንደ እሳት ይለበልብ ነበር። እትዬ ፅጌ ሱቅ የገባው፣ ስሙን የማያውቁት ደንበኛቸው፣ የጥበቃ ዩኒፎርሙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሽሮውን ከረጢት ያነሳል፣ ያስቀምጣል።

«አማቶችህን አላመጣህም እንዴ?» አሉት።

«እኔ ሲቲዝን ብሆንም አይቻልም። አፕላይ ማድረግ ያለባት ልጃቸው ናት፤ ለዚያ ደግሞ እሷም ሲቲዝን መሆን አለባት።»

«ታዲያ ትሁና!»

«ከአገር ስትወጣ ‹አባቴ ይሙት፣ ዜግነቴን አልለውጥም› ብላ ምላለች፣ እትዬ።»

«አባትየው መሐላውን ያንሱላት!»

«ለመንኳቸው። ‹ግዴለም፣ መሞቴ እንደሁ አይቀር› ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።» ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «አማቶቼ ሁለቱም ታመዋል፤ አስታማሚ የላቸውም።»

ዛሬ፣ ከወራት በኋላ፣ ስለ ወላጆቿ ብላ ያመለከተችው ሚስቱ ለዜግነት የምትምልበት ቀን ነው። ሰውየው የመሐላው አዳራሽ በር ላይ ቆሟል፤ እሷ ገና ከመኪናው አልወረደችም።