ሁለተኛው «ኧረ ተይ»

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሌላ ነበር። «ኦፔር» ይሉታል፤ ሰው አገር፣ ሰው ቤት እየኖሩ፣ በቀን አምስት ሰዓት ልጅ እየያዙ፣ ጠዋት ጠዋት ቋንቋ እየተማሩ አንድ ዓመት መቆየት። «እንደ ቤተሰብ አባል» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ አራት ቦታ አለ። ሠራተኛ የሚል አንድም የለም። ወይ ነዶ! ሠራተኛ ቢሏት ይሻላት ነበር፤ ሠራተኛ እኮ የእረፍት ቀን አለው።

ልጅቷን ቀልጣፌ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ሰው ተጠምቶ አፉን ሳይከፍት ውሃ ይዛ የምትደርስ እሷ ነበረች። ያሳደገቻት አክስቷ በዚህ ትኮራለች፤ ስትሸኛትም ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ ዚፑን እየዘጋች የመከረቻት ይህንኑ ነው። «ሰው ቤት እጅሽን አጣጥፈሽ እንዳትቀመጪ። አሳዳጊ የበደላት እንዳትባዪብኝ።»

የሄደችው ለአንድ ነገር ነው፤ ነርስ ለመሆን። እዚያ አገር የነርስ ትምህርት ቤት የሚቀበለው የቋንቋ ፈተና ያለፈ ሰው ብቻ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ፈተናውን ካለፈች ትቀራለች፤ ካላለፈች ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች። ሌላ መንገድ የለም።

ነገሩ የተበላሸው በመጀመሪያው ቀን፣ ምሳ ላይ ነው። የቤቱ እመቤት የጥርስ ሐኪም ናት። ባሏ ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የሚውል፣ የቀረውን ጊዜ ብስክሌት ላይ የሚጨርስ ዝምተኛ ሰው ነው። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ትልቋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው እንኳ በሁሉ ነገር ፍርድ ካልሰጠች አይሆንላትም፤ ቀልጣፌ በልቧ «ዳኛዋ» አለቻት። ትንሹ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ ድንቡሼ። ታዲያ ምሳ ተበላና ሐኪሟ ሰሃን ልታነሳ ተነሳች። ቀልጣፌ በድንጋጤ ብድግ! እናቷ የምትሆን ሴት ቆማ እሷ ተቀምጣ? ሰሃኑን ከእጇ ቀማቻት።

«ኧረ ተይ፣ ዛሬ እኮ እንግዳ ነሽ!» አለች ሐኪሟ።

«ችግር የለም» አለች ቀልጣፌ። ከዚያ ቋንቋ አጣርታ የምታውቀው እሱን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። እኛ ጋ «ኧረ ተይ» አንድ ጊዜ ተብሎ አይቆምም። ይደገማል፣ ይሠለሳል፣ መጓተት አለ፣ «እኔ ልሙት» አለ፤ በመጨረሻ ሁለቱም እየተሳሳቁ አብረው ያጥባሉ። ቀልጣፌም ሁለተኛውን «ኧረ ተይ» እየጠበቀች ቧንቧውን ከፈተች። ሁለተኛው አልመጣም። ዞር ብላ ብታይ ሐኪሟ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ስልኳን ትነካካለች።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሃን የቀልጣፌ ሆነ። የሰሃን ማጠቢያ ማሽን እንኳ ነበራቸው፤ እሷ ከመጣች ወዲህ እሱም እረፍት ወጣ። ከሰሃን ቀጥሎ ልብስ ማጠብ መጣ፤ ከማጠብ ቀጥሎ ካውያ፤ ከካውያ ቀጥሎ መስኮትና መታጠቢያ ቤት። የባልየው በላብ የጠነከረ የብስክሌት ቁምጣ ሳይቀር እሷው እጅ ገባ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ፤ ቀልጣፌም ካውያውን በያዘች ቁጥር የምትሰድበው መጀመሪያ ራሷን ነበር። «ማን ተነሺ አለሽ? ማን?»

የሚያናድደው ደግሞ ሐኪሟ አትቆጣም፣ አታዝም። ትከሻዋን ዳበስ አድርጋ፣ «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ እኮ እንደ ልጃችን ነሽ፤ እስቲ ዛሬ ትምህርቱን ተዪልኝና ልጆቹን ያዥልኝ» ትላለች። ሴትዮዋ ሥራዋ ጥርስ መንቀል አይደል? ስትወስድብሽ አያምሽም፤ ማደንዘዣው ሲለቅሽ ነው የጎደለሽን የምታውቂው። ማቀዝቀዣው በር ላይ የሳምንቱን ፕሮግራም የያዘ ወረቀት ተለጥፏል። የቀልጣፌ ትምህርት በሰማያዊ ይጻፋል፤ ሳምንቱ ሳይጋመስ ይሰረዛል። አንድ ቀን ጨክና ለባልየው ብትነግረው፣ «ከእሷ ጋር ተነጋገሪ» ብሎ የብስክሌት ቆቡን ደፍቶ ወጣ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ለአክስቷ ስትደውል ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ቻይው የኔ ልጅ፣ የሰው አገር ነው። ዝም አይነቅዝም።»

ዝም አይነቅዝም፤ እውነት ነው። አንጀት ግን ይነቅዛል። ቀልጣፌ ስምንት ወር ሙሉ ጥርሷን ነክሳ፣ በቀኝ እጇ ካውያ፣ በግራዋ ደብተር ይዛ፣ እርር ድብን እያለች ተማረች።

የፈተናው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተባለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ፈተና የመኖሪያ ፈቃዷ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ለሐኪሟ ከወር በፊት ነገረቻት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ደገመችላት። ሐኪሟም «እንዴታ! ይሄማ የሁላችንም ፈተና ነው» ብላ አቅፋ ሳመቻትና ማቀዝቀዣው ላይ በቀይ፣ በራሷ እጅ፣ «ቅዳሜ የእሷ ፈተና፤ ልጆቹ ከእኛ ጋር» ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ማለዳ ቀልጣፌ ለባብሳ፣ መታወቂያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነካክታ ወደ ሳሎን ገባች። ቤቱ ጭር ብሏል። ዳኛዋ በሌሊት ልብሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ድንቡሼ አልጋው ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል። ጠረጴዛው ላይ ብጣሽ ወረቀት አለ።

«የኔ ቆንጆ፣ ጸጉር ቤት ከዛሬ ጠዋት ሌላ ቀጠሮ የለንም አሉኝ። እሱም ከብስክሌት ጓደኞቹ ጋር ወጥቷል። እኩለ ቀን ላይ እንመለሳለን። ፈተናውን ሌላ ጊዜ ትወስጂዋለሽ፤ ችግር የለም አይደል?»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ለሴትዮዋ ደወለች፤ አይነሳም። ለሰውዬው ደወለች፤ ዝግ ነው። ደሟ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ለጸጉር! ለጸጉር ብላ!

በዚያች ቅጽበት ስልኳ ጮኸ። አክስቷ ናት፣ ልትመርቃት።

«ደረስሽ?»

«የት ልድረስ? ልጆቹን ጥለውብኝ ሄዱ።»

ቀልጣፌ «ቻይው» እስክትላት ጠበቀች፤ ብትላት ኖሮ ስልኩን ግድግዳ ላይ ነበር የምትፈጠፍጠው።

«ስሚ» አለች አክስቷ፣ ድምጿ ተለውጦ፤ «እኔ ያሳደግኩሽ ሰው እንድታከብሪ ነው እንጂ ሰው እንዲረግጥሽ አይደለም! ልጆቹ እናት የላቸውም? ወስደሽ አስረክቢያታ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ድንቡሼ ጋሪው ውስጥ ገባ። ዳኛዋ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደረበች፤ ከወጡ በኋላ «ቆይ» ብላ ተመልሳ ሮጠችና የማቀዝቀዣውን ወረቀት ገንጥላ መጣች። ሐኪሟ የምትሄድበት ጸጉር ቤት አራት መንገድ ተሻግሮ ነው። ቀልጣፌ ጋሪውን እየገፋች የምትሄደው ሳይሆን የምትበረው ይመስል ነበር፤ ዳኛዋ ጠርዙን ይዛ ከኋላ ትጎተታለች።

ሐኪሟ መስተዋት ፊት ተቀምጣለች። ጸጉሯ ቀለም ተለቅልቆ በብር ወረቀት ተጠቅልሏል፤ ከአንገቷ በታች ጥቁር ጨርቅ ለብሳለች። ቀልጣፌ ድንቡሼን ብድግ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። አፍንጫው ይንጠባጠባል። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው!

«ምንድን ነው? ችግር አለ?» አለች ሐኪሟ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

«አዎ፣ ችግር አለ» አለች ቀልጣፌ። ስምንት ወር ሙሉ ይህን ቃል አንድ ቀን ተናግራው አታውቅም።

ጸጉር ሠሪዋ ብሩሿን እንደያዘች ቀረች። ሌሎቹ ደንበኞች በመስተዋት ያያሉ።

«እንዲህ በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? እኔ አንቺን እንደ ልጄ...»

«እንደ ልጅሽ ከሆንኩ፣ ልጅሽ ዛሬ ፈተና አላት።»

ሐኪሟ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ዳኛዋ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋች። «እማዬ፣ በቀይ ነው። አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

ቀልጣፌ ወጥታ ሮጠች። መፈተኛው ቦታ ስትደርስ ዘበኛው በሩን እየዘጋ ነበር፤ በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

የጽሑፉ ፈተና አልቆ የቃል ሲመጣ፣ ፈታኙ «የምትኖሪበትን ቤት ንገሪን» አላት። «ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሰዎቹ ደግ ናቸው» የሚል በቃሏ ያጠናችው መልስ ነበራት። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። ሰሃኑ፣ ካውያው፣ ቁምጣው፣ የተሰረዘው ሰማያዊ ቀለም፣ ሁሉም ተራ በተራ ወጣ። አንዴም አልተደናቀፈችም። ንዴት እንዲህ ቋንቋ እንደሚያስተካክል ማን ነገራት! ፈታኙ ሰዓቱ ማለቁን እንኳ ረስቶ ሰማት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ አለፈች።

የዚያን ቀን ግን ውጤቱን አታውቅም። ወደዚያው ቤት ስትመለስ ምሳ ቀርቧል። የሐኪሟ ጸጉር አምሯል፤ ፊቷ ግን አያስቀርብም። ባልየው ሰሃኑ ውስጥ አቀርቅሯል። ቀልጣፌ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ በላች።

ሰሃኖቹ ባዶ ሆኑ። ሁሉም ጠበቀ። ዳኛዋ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ቀልጣፌን ታያለች። ቀልጣፌን ጉልበቷ «ተነሺ፣ ተነሺ» እያለ ይታገላታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ ጉልበት በአንድ ቀን አይተውም። ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችው።

በመጨረሻ ሐኪሟ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። የባሏን ሰሃን አነሳች። የልጆቹን አነሳች። ከዚያ ዞራ መጥታ የቀልጣፌን ለማንሳት እጇን ዘረጋች።

«ኧረ ተይ» አለች ቀልጣፌ።

አልደገመችውም። ብርጭቆዋን አነሳችና ቁጭ ብላ ውሃዋን ጠጣች።