የአባቴ ታክሲ መስታወት

መርካቶ፣ ከአማኑኤል ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የመኪና መስታወት ሲወጣና ሲወርድ በሩ ውስጥ ሐዲድ ይዛ የምትንሸራተት ትንሽ ፕላስቲክ አለች፤ እሷ ስታልቅ ምትኳን የምቀርጸው እኔ ነኝ። ሙሉውን የመስታወት ማንሻ መግዛት የከበደው ሁሉ ያለቀችዋን ለቅርጽ ናሙና ይዞልኝ ይመጣል። ከወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ቆርጬ፣ በሞረድ አስተካክዬ እሰጠዋለሁ።

አባቴ ግን ይህን ከሥራ አይቆጥረውም ነበር። ዕድሜ ልኩን ታክሲ የነዳ ሰው ነው። እራት ላይ "ዛሬስ ስንት ፕላስቲክ ፋቅህ?" ይለኛል። ስቄ አልፈዋለሁ እንጂ ውስጤ ይበግናል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የታክሲው የሹፌር በር መስታወት እየወረደ አስቸገረው። ያለቀችዋን ፕላስቲክ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጋትና "እስቲ ሙያህን እንየው" አለኝ። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ አላውቅም። በካሊፐር ለክቼ ቀረጽኩ፣ ደግሜ ለካሁ። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ከቀለማቸው በቀር ልዩነት የላቸውም። ገጠምኩለት፤ መስታወቱ ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ስለ መፋቅ አንስቶ አያውቅም። ጭራሽ "የልጄ ሥራ ነው" እያለ ለሰው ማሳየት ጀመረ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

አንድ አርብ አንዋር መስጊድ አጠገብ አግኝቶኝ ከፊት አሳፈረኝ። ሶላት ስለነበር መንገዱ ተዘግቶ ቆመናል፤ ያካፋል። ኋላ የተቀመጡ አንድ ጨርቅ ነጋዴ የመኪናቸው መስታወት አልወጣ ብሎ እንዳስመረራቸው ሲያወሩ አባቴ በአገጩ ወደኔ አመለከተ።

"እስቲ አውርደው ልየው" አሉት።

"ዝናብ ነው" አለ አባቴ።

"አባዬ፣ ካፊያ እኮ ነው፤ አሳያቸው እንጂ" አልኩት እኔ፣ አፌን ይዝጋውና።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ከመስታወቱና ከበሩ ጠርዝ ጎማ መሃል የታጠፈች ካርቶን መዘዘ። እጀታውን ሳይነካው መስታወቱ በሩ ውስጥ ዘጭ አለ።

ወዲያው ገባኝ። ያለቀችዋን ስለካ ማለቋንም አብሬ ቀርጬው ነበር። የሹፌር በር ፕላስቲክ ሲያልቅ፣ ብዙም የማይነካውን የኋላ በር ፈትቶ ልክ ከዚያ መውሰድ እንደሚገባ ለስንቱ ተናግሬያለሁ። ነጋዴውን ዞሬ ማየት አቃተኝ።

"ጎማው አርጅቶ ነው" አላቸው አባቴ፣ ዝናቡ ትከሻውን እያራሰው። "የሱ ሥራ ምንም አልሆነም።"

ነጋዴው እሺ አሉና በእግሬ ይሻለኛል ብለው ወረዱ። እኔም ወርጄ በአባቴ በር በኩል ዞርኩና መስታወቱን በመዳፎቼ ገፍቼ አወጣሁለት። ካርቶኗን መልሶ ወተፋት። ጠርዟ ከመላሸቁ ብዙ ጊዜ ተመዛ እንደተመለሰች ያስታውቃል።

"ለእናትህ እንዳትነግራት" አለኝ። "ለዕድሩ ሰው ሁሉ አውርታልሃለች።"