ስሙ የማይጠራው ሥር

ሸማ ተራ ካለው ሱቄ ውስጥ ሦስት ነበርን። እኔ ከባንኮኒው ኋላ፣ ጋቢ ከተደረደረበት መደርደሪያ አጠገብ፤ ኮፍያ የሚሸጠው ጎረቤቴ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ አንጋጦ፤ የወንድሜ ልጅ ደግሞ በሩ ላይ፣ ጓዟን ሳታወርድ። ዝናብ ከጠፋበት የትውልድ አገሬ ገና ያን ጠዋት መግባቷ ነበር።

"ግቢ እንጂ እህቴ፤ በር ላይ የቆመ ሰው ገበያ ይዘጋል" አላት ጎረቤቴ።

ገባች። የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ሽንኩርት የሚያህል ጥቁር ሥር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"አክስቴ፣ ይህን ያውቁታል?"

አወቅሁት። በልጅነቴ በደረሰው ድርቅ እናታችን ያበላችን እሱን ነው። አበሳሰሉን ካላወቁበት ጉሮሮ ያሳብጣል፤ ይገድላልም። እናቴ ታውቅበት ነበር።

"ዘንድሮ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወርደው በየማሳው ይቆፍሩታል" አለች። "ልጆቼም እነሱን እያዩ መቆፈር ጀመሩ። ትንሹ ቀምሶት ምላሱ አብጦ ሰነበተ። አያቴ እንዴት ነበር የምታበስለው?"

"ዱቄት እገዛልሻለሁ።"

"ዱቄቱስ ሲያልቅ?"

በእኛ አገር የክፉ ቀን ምግብ በደግ ቀን አይነሳም፤ ስሙን የጠሩት እንደሆነ ረሃቡ ሰምቶ ይመለሳል ይባላል። እናቴ ድስቱን ስትጥድ እኛን ፊታችንን ወደ ግድግዳ ታዞረን ነበር። ዝናቡ ከመጣ በኋላ ስለ ሥሩ ብጠይቃት አፌን በመዳፏ ከደነችው። ወንድሜ የተወለደው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ጭራሽ አልሰማም። የሚያውቁት አሮጊቶች አልቀዋል።

ቴሌቪዥኑ ወንዝ የደረቀባቸውን ቺምፓንዚዎች ያሳያል። አንዲት ያረጀች አሸዋውን በእጇ እየማሰች ውሃ ታወጣለች፤ ግልገሏ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያያል።

"እትዬ፣ ይቺን ይዩልኝማ! ትምህርት ቤት ከፍታለች እኮ!" ብሎ ሳቀ ጎረቤቴ። ወዲያው የሁለታችንን ፊት አየና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰው።

"የተቀቀለበት ውሃ ይደፋ ነበር" አልኳት የወንድሜን ልጅ። "ከቤት ርቆ። እሱን አስታውሳለሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"እንጃ።"

"አመድ ትጨምርበት ነበር?"

የአመድ ሽታ ትዝ ይለኛል። ግን አመድ የሌለበት ቤት የት አለ?

"አላየሁም" አልኳት። "አታብያቸው።"

"እኔ ባላበላቸውስ፣ ዝንጀሮዎቹን እያዩ ይተዉታል?"

ዱቄቱን ገዝቼ አሸከምኳት። ጎረቤቴም ለልጆቹ ብሎ ኮፍያ ጨመረላት። ሥሩን መልሳ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና ወደ መሳለሚያ በሚወስደው መንገድ ሄደች።